የጤፍ ብረት፦ ከአውድማ እስከ ጂኖም መዝገብ

ሮብ ገበያ ስሟ እንደሚናገረው የረቡዕ ገበያ አገር ናት። በእርሷም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ገበያዎች ጤፍ ለመግዛት የወጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እጁን ወደ ጆንያው ይሰድዳል። ጥቂት ፍሬ ይዘግናል፤ በመዳፉ ያሸዋል፤ እፍ ይለዋል፤ ከዚያም በመዳፉ ላይ የቀረውን አፈር ያያል። ነጩን ከሰርገኛው፣ ማኛውን ከተራው ለመለየት ዓይን ይበቃል። አፈሩን ለማወቅ ግን መዳፍ ያስፈልጋል። ይህ የገበያ ፍተሻ ለሕክምና ታሪክ ባዕድ አይደለም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሐኪሞችንና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ሲያከራክር የኖረው የጤፍ ብረት ጥያቄ የተቋጠረው በዚያው በመዳፍ ላይ በሚቀረው አፈር ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት ከአውድማው መነሣት ይገባል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው። አንድ ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ቢመዘን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የእነማይ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቢቸና ዙሪያ ያለው እርሻ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አዝመራው ታጭዶ ተከምሮ ከሰነበተ በኋላ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ይነጠፋል። በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል፤ በመንሽ ይገለበጣል፤ በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋስ ገለባውን ይወስዳል፤ ከፍሬው ጋር የተጣበቀውን ትቢያ ግን ሙሉ በሙሉ አይወስድም። ፍሬ ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ አንጻር የገላው ስፋት ይበዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጤፍ ከአንድ ኪሎ ስንዴ ወይም በቆሎ ይልቅ ብዙ አፈር ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። አፈር ደግሞ ብረት አለው።

የሕክምናው ዓለም ከጤፍ ብረት ጋር በስፋት የተዋወቀው በ1958 ነው። በዚያ ዓመት ለብሔራዊ መከላከያ የሥነ ምግብ ጉዳዮች የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጥምር ኮሚቴ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር የሕዝቡን የአመጋገብ ይዞታ አጠና። በሪፖርቱ ላይ ከወጡት ቁጥሮች መካከል አንባቢን የሚያስደነግጠው የብረቱ ነበር። ለአዋቂ ሰው በቀን ከአሥር እስከ ሃያ ሚሊግራም የሚሆን ብረት በምግብ ቢያገኝ በቂ ነው ተብሎ ሲታሰብ፣ ጤፍ ተመጋቢው ኢትዮጵያዊ በቀን ከመቶ ሚሊግራም በላይ እንደሚወስድ ተሰላ። በዓለም ላይ ይህን የሚያህል ቁጥር የተመዘገበበት ሕዝብ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ያነሡት በስዊድንና በኢትዮጵያ ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ሆኖ ያደገ፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚታወቀውንም ፋፋ ያስገኘ ተቋም ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ከፍተኛ የብረት አወሳሰድን ማዕከል ያደረገ ሰፊ የደም ጥናት በኢትዮጵያ ላይ አሳተመ። በ1976 ደግሞ ዶ/ር መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ አወጡ። በእስያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ዋነኛ የጤና ችግር ሆኖ ሳለ ይህ ግኝት ትኩረት መሳቡ አያስገርምም። ማብራሪያው ቅርብ ነበር፦ ጤፍ። ከዚህ በኋላ ጤፍ የብረት እህል መሆኑ በመማሪያ መጻሕፍትም፣ በክፍል ውስጥ ትምህርትም፣ በየቤቱም ተቀባይነት አገኘ። በተለይ ቀይ ጤፍ ለወላድና ለደም አነሰው ሰው የሚመከር ሆነ።

በ1980 በስራትና ሁለት ባልደረቦች በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጥናት ይህን ሁሉ ወደ አውድማው መለሰው። ጥናቱ የጤፍን የብረት ይዘት በጥያቄ ዓይን የመረመረ ነበር። መንገዱ ቀላል ነው። ከገበያ የመጣው ፍሬ እንዳለ ይለካል፤ ሌላው ደግሞ ከላዩ ያለው አፈር እስኪለቅ ድረስ በአሲድ ታጥቦ ይለካል። የታጠበው ጤፍ ብረት እጅግ ወረደ፤ ከሌሎቹ እህሎችም ብዙ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። የተረፈው ብረት የፍሬው አልነበረም፤ የአውድማው ነበር። በ1987 በሌላ የሳይንስ መጽሔት፣ በ1993 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚታተመው በሲኔት ላይ የወጡ ጥናቶች በዚሁ ውዝግብ ላይ ተመልሰው መጡ፤ የአፈሩ ድርሻ ከፍተኛ መሆኑም ጸና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ብረት ከፍሬም መጣ ከአፈር፣ ሰውነት ከተጠቀመበት ምን ልዩነት አለው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጤፍን አይረዳም። በአፈር ውስጥ ያለው ብረት በአብዛኛው በቀላሉ የማይሟሟ ኦክሳይድ በመሆኑ አንጀት ከእርሱ የሚቀበለው ጥቂት ነው። በፍሬው ውስጥ ያለውም ቢሆን ፋይቴት ከሚባለው ውሕድ ጋር ስለሚያያዝ መንገዱ ጠባብ ነው። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ በከፊል ይፈርሳል፤ በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ እናቶች ጥበብ ከጤፉ ይልቅ ምስጋና ይገባዋል። ያም ሆኖ በሰንጠረዥ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ወደ ደም የሚገባው ብረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኋላ የተካሄዱት የሕዝብና ጤና ጥናቶች ይህን ልዩነት አጉልተው አሳዩ። በ2005 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 27 በመቶው፣ በ2011 17 በመቶው፣ በ2016 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ደግሞ በ2016 ከግማሽ የሚበልጡት። እርግጥ ነው፣ የደም ማነስ መንሥኤ ብዙ ነው፤ ወባና የአንጀት ትላትሎችም አሉበት፤ ሁሉም ኢትዮጵያዊ ጤፍ በላተኛ አይደለም። ይሁን እንጂ «ጤፍ የሚበላ ሕዝብ ብረት አይጎድለውም» የሚለው አባባል በእነዚህ ቁጥሮች ፊት መቆም አይችልም። ጉዳቱ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የቅድመ ወሊድ ክትትል የጀመረች ሴት «እኔ የጤፍ አገር ሰው ነኝ» ብላ የብረት እንክብሏን ከትራሷ ሥር ስታኖር፣ በ1958 ያልታጠበ ፍሬ ላይ የተለካ ቁጥር በእርሷ ላይ እየሠራ ነው።

ጤፍ ከብረቱ ሌላ ሁለተኛ ዝና አለው፤ ይህኛው በሕክምና ምርመራ ፊት ቆሟል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲከ በ1950 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ሲሊያክ የሚባለውን የአንጀት በሽታ የሚቀሰቅሰው ስንዴ መሆኑን ካሳዩ ወዲህ፣ በሽተኞቹ ግሉተን ከሌለው እህል ሌላ መድኃኒት የላቸውም። በ2005 ከላይደን የመጡ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ እንደገለጹት፣ ከሲሊያክ በሽተኞች የተወሰዱ ቲ ሴሎች ከተለያዩ የጤፍ ዝርያዎች ፕሮቲን ጋር ሲገናኙ አልተቆጡም። ሁለቱ ዝናዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የግሉተን አለመኖር የፍሬው የራሱ ባሕርይ ነው፤ ፍሬው ቢታጠብ፣ በማሽን ቢወቃ፣ በሆላንድ ማሳ ቢዘራ አይለወጥም። ብረቱ ግን ከቦታ ቦታ፣ ከአውድማ አውድማ ይለዋወጣል። አንዱ በጂን የተጻፈ ነው፤ ሌላኛው በአብዛኛው በእግረ መንገድ የተለጠፈ።

በጂን የተጻፈውን ለማንበብ ደግሞ ጊዜው ደረሰ። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር ዘሪሁን ታደለ የሚመሩት የጤፍ ማሻሻያ ፕሮጀክት በ2014 ጸደይ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ጂኖም ረቂቅ አሳተመ። ረቂቁ 672 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላትን የያዘ፣ ከተገመተው ጠቅላላ መጠንም 87 በመቶውን የሚሸፍን ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚያ ሁሉ ፊደል ውስጥ የሲሊያክ በሽተኞችን የሚቀሰቅሱትን የግሉተን ቅንጣቶች ፈልገው አላገኙም። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የመሩት ቡድን ዳቢ የተባለውን ዝርያ በክሮሞሶም ደረጃ አቀናጅቶ አቀረበ። በዚህ ሥራ 68,255 ጂኖች ተለይተዋል። የሰው ልጅ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ሃያ ሺህ ገደማ መሆናቸውን የሚያውቅ ሐኪም በቁጥሩ ሊደነቅ ይችላል፤ የጂን ብዛት ግን የማዕረግ ምልክት አይደለም። ጤፍ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለት የሣር ዘመዳሞች ተዳቅለው የፈጠሩት ተክል በመሆኑ አብዛኛውን ጂን በድርብ ይይዛል። 40 ክሮሞሶሞቹም የሁለቱ ወላጆች ርስት ናቸው።

ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠር ማንበብ አይደለም። የምሥራቅ ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ንባብን ከትርጓሜ ለይተው እንደሚያስተምሩት ሁሉ፣ በጂኖም ሥራም ቅደም ተከተሉ ከታወቀ በኋላ አኖቴሽን የሚባለው የትርጓሜ ሥራ ይከተላል። ጂኑ የቱ ጋ ይጀምራል? የቱ ጋ ያበቃል? የሚሠራው ፕሮቲን ምንድን ነው? ተግባሩስ? በጤፍ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በላቦራቶሪ መመለስ የብዙ ትውልድ ሥራ በሆነ ነበር። አቋራጩ መንገድ ብድር ነው። አስቀድመው የተጠኑና ለመላው ሕያው ዓለም እንደ ማስተማሪያ የሚያገለግሉ ፍጥረታት አሉ፤ እርሾ ጂኖሙ በ1996፣ ደቃቁ ትል በ1998፣ የፍራፍሬ ዝንብና አራቢዶፕሲስ የተባለችው ትንሽ አረም በ2000፣ ሩዝ በ2005 ተነብቦ ተጠናቀቀ። የዝንብ፣ የእርሾና የአይጥ የጂን መዛግብት ጠባቂዎች በ1998 ተስማምተው አንድ የጋራ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ በአንዱ ፍጥረት የታወቀ ተግባር በሌላው በዚያው ቃል እንዲጠራ። የጤፍ ጂን ስሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሩዝ፣ ከማሽላ ወይም ከአራቢዶፕሲስ ዘመዱ ጋር ተመሳክሮ ነው።

የብረት ነገር እዚህም ብቅ ይላል። አንድ ተክል ብረትን ከአፈር በሥሩ የሚስብበት ዋነኛ በር የተገኘው በ1996 ነው። ብረት መሳብ ያቃተው የእርሾ ዘር ተወሰደ፤ የአራቢዶፕሲስ ጂኖች ተራ በተራ ተሰጡት፤ ከመካከላቸው አንዱ እርሾውን አዳነው። ያ ጂን አይአርቲ 1 ተባለ። ዛሬ በአንድ አዲስ በተነበበ እህል ውስጥ የብረት አጓጓዥ ጂን ተገኘ ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ በዚያ እርሾ ውስጥ ከተፈተነው ጂን ወይም ከቤተሰቡ ጋር የሚመሳሰል ፊደል ተገኘ ማለት ነው።

መመሳሰል ግን ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ይህን ሐኪም ከማንም በላይ ያውቀዋል። በበሽተኛ ካርድ ላይ አንድ ጊዜ «የሳንባ ነቀርሳ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተከታዩ ሐኪም ያንኑ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይገለብጣል፤ አክታው መቼ እንደታየ የሚጠይቅ አይገኝም። በጂን መዛግብትም በመጀመሪያው ፍጥረት ላይ በስሕተት የተሰጠ ስም በመመሳሰል ከዝርያ ወደ ዝርያ እየተላለፈ ለዓመታት ይኖራል። የጤፍ ብረት ታሪክም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ያልታጠበ ፍሬ ላይ የተለካ ቁጥር ከሪፖርት ወደ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ ወደ መማሪያ፣ ከመማሪያ ወደ ምክር ሲገለበጥ ኖረ። የ1980ው ጥናት ያደረገው ወደ መጀመሪያው ፍሬ ተመልሶ ማጠብ ብቻ ነው።

ብድሩ ሲሠምር ግን ፍሬው ትልቅ ነው። የጤፍ አገዳ ቀጭን በመሆኑ ዝናብና ነፋስ ያጋድመዋል፤ ገበሬውም ከምርቱ ብዙ ያጣል። የበርኑ ቡድን ካጠናቸው የጤፍ ዘሮች አንዷ አጭርና ጠንካራ ሆና ተገኘች፤ አካሏ ወደ ቀኝ ስለሚጠመዘዝ «ቀኝ» የሚል የአማርኛ ስም ወጣላት። በ2015 በታተመው ጥናት መሠረት ምክንያቱ በአልፋ ቱቡሊን ጂን ላይ የደረሰ አንዲት ለውጥ ነው። ቱቡሊን ለሐኪም እንግዳ አይደለም፤ የሴል ክፍፍል መቃኖች የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው፤ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም ለደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም የሚይዙት ይህንኑ የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። በሩዝና በአራቢዶፕሲስ ላይ የተከማቸው እውቀት ባይኖር ኖሮ የዚያች አጭር ጤፍ ምሥጢር ይህን ያህል ቶሎ ባልተፈታ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሀብት የገበሬው ዘር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የእህል ዝርያ መፍለቂያ ከሆኑ የዓለም ማዕከላት አንዷ ናት ሲል መሰከረ። በ1976 በጀርመን ድጋፍ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዚያ ማዕከል ወራሽ ነው፤ በጂን ባንኩም ከ5,000 የሚበልጡ የጤፍ ናሙናዎች ይገኛሉ። የጤፍ አበባ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ተገንዝበው በእጅ ማዳቀልን የሚቻል ያደረጉት ዶ/ር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነበሩ። በ2006 የወጣው ቁንጮ ከዱከምና ከማኛ የተዳቀለ የዚያ ጥበብ ልጅ ነው። የአዴት ምርምር ማዕከልም በ2000ዎቹ ይልማና፣ ዲማና እፁብ የተባሉትን ለጎጃም አውጥቷል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ግን በዘር ባንክ አላበቃም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2005 ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር የጤፍ ዘር ስምምነት ተፈራረመ፤ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ያቀረበው የፈጠራ መብት ጥያቄም በ2007 በአውሮፓ ጸደቀለት። ኩባንያው ከሰረ፤ ስምምነቱ ለኢትዮጵያ የሚጨበጥ ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ውስጥ መብቱ የፈጠራ ይዘት የሌለው ነው ሲል ሻረው። ዱቄቱን ለሽያጭ ያበቃው ያ ሁለተኛው ዝና፣ ማለትም የግሉተን አለመኖር፣ የማንም ፈጠራ አልነበረምና።

የቅርብ ዓመታት ጥናቶች ሁለቱን ነገሮች፣ ጂኑንና መሬቱን፣ ጎን ለጎን ማየት ጀምረዋል። በ2022 የወጣ አንድ ሥራ በአዴትና በአቃቂ የተዘሩ 366 የጤፍ ዓይነቶችን በዲኤንኤ መርምሮ፣ ሴቶችና ወንዶች ገበሬዎች ለእያንዳንዱ የሰጡትን ግምገማም ከጂኖቹ ጋር አመሳከረ። የገበሬው ዓይን በዘረመል መዝገብ ውስጥ እንደ አንድ መለኪያ ገባ ማለት ነው። በ2021 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዳዊድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው በኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ የእህል የማዕድን ይዘት እንደ ዝርያው ብቻ ሳይሆን እንደ በቀለበት አካባቢም ይለያያል። የአንድ ጤፍ ጂን ዝርዝር ቢታወቅም በሞጣ የተዘራው ምን ያህል ማዕድን እንደሚይዝ ከዝርዝሩ ብቻ አይነበብም።

አውድማውም ቢሆን እንደ ድሮው አልቀረም። ሸራ አንጥፎ የሚወቃ ገበሬ አለ፤ የመውቂያ ማሽን የሚከራይም አለ። እንዲህ ተወቅቶ ወደ ገበያ የሚወጣ ጤፍ አፈሩ ይቀንሳል፤ ከአፈሩም ጋር የ1958ቱ ብረት ይቀንሳል። ስለዚህ ዛሬ የጤፍን ብረት በጥንቃቄ የሚለካ ላቦራቶሪ ፍሬውን አስቀድሞ ያጥባል፤ ከብረቱም ጋር አልሙኒየምና ቲታኒየም ይለካል። እነዚህ ሁለቱ በአፈር ውስጥ የበዙ፣ በፍሬ ውስጥ ግን እምብዛም የማይገኙ ናቸው። መጠናቸው ከፍ ካለ በሰንጠረዡ ላይ ሊሰፍር የተዘጋጀው ብረት ከፊሉ ገና አውድማውን አልለቀቀም።